ጊንጥ የታተመባት ትንሽ መኪና

በአገራችን ሰይቸንቶ ተብላ የታወቀችውን ፊያት 600 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ፣ ተሳፋሪውን ከነጓዙ ጠቅጥቃ፣ ዳገት ሲያጋጥማት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ ያየ ሰው፣ የዚህችው መኪና እኅቶች በአውሮጳ የእሽቅድምድም አደባባዮች ላይ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፉ ነበር ቢሉት፣ ነገሩን ለጨዋታ የተፈጠረ ወሬ አድርጎ ሊገምተው ይችላል። ወሬውን እውነት ያደረገው በሰሜን ኢጣልያ፣ በቶሪኖ ከተማ፣ ኮርሶ ማርኬ በተባለው ጎዳና ላይ ይገኝ የነበረው፣ ጊንጥን ማኅተሙ ያደረገው የአባርት የሥራ ቤት ነው። የሥራ ቤቱ ልማድ ለቤተ ሰብ ጉዳይ፣ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን መመላለሻ የተሠራችውን መኪና ከፋብሪካ ተቀብሎ መበተን፣ ከተበተነችም በኋላ እያንዳንዱን ክፍል መርምሮ የሚለወጠውን ለውጦ፣ የሚቀረውንም አስተካክሎ፣ ለእሽቅድምድም የበቃች አድርጎ እንደ ገና መግጠም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

መሥራቹ ካርል አባርት ኖቬምበር 15 ቀን 1908 በቪየና ከተማ ተወለደ፤ የልደቱም ቀን በዐውደ ነገሥት ዓቅራብ በሚባለው ኮከብ ሥር ስለሚውል፣ ጊንጥን ለቤቱ ምልክት አድርጎ መረጠው። በጕልምስናው ወራት ሞተር ብስክሌቱን ራሱ እየሠራና እያሻሻለ የሚወዳደር ተሽቀዳዳሚ ነበረ፤ በ1934 ጎን ተሳቢ ባለው ሞተር ብስክሌት ከቤልጅግ ወደብ ከኦስተንድ እስከ ቪየና ድረስ ኦሪየንት ኤክስፕረስ ከተባለው ስመ ጥሩ ባቡር ጋራ ተሽቀዳድሞ በማሸነፉ ታላቅ ዝና አገኘ። ከዚያ በኋላ ከባድ አደጋ ደርሶበት ከዚህ ዓይነቱ እሽቅድምድም ተለየ፤ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን በዩጎዝላቪያ በልዩብልያና ከተማ አሳልፎ፣ ሰላም ሲሆን ወደ ኢጣልያ ተሻገረ፤ ስሙንም እንደ አገሩ ልማድ ካርሎ አሰኘ። ገብቶ ይሠራበት የነበረው ቺሲታልያ የተባለው ፋብሪካ ከአቅሙ በላይ የሆነ የታላቁ ውድድር መኪና ለመሥራት ሲጥር ገንዘቡን ጨርሶ በወደቀ ጊዜ፣ አባርት ከውድቀቱ የተረፉትን ጥቂት መኪናዎች ይዞ በ1949 የራሱን ኩባንያ በቦሎኛ አቆመ፤ ጥቂት ቈይቶም ወደ ቶሪኖ አዛወረው። በማግሥቱ ዓመት በኤፕሪል ወር፣ በዘመኑ ከነጂዎች ሁሉ በላይ ይከበር የነበረው ታዚዮ ኑቮላሪ በ57 ዓመት ዕድሜው በሲሲልያ ደሴት በሞንቴ ፔሌግሪኖ ዳገት ላይ የአባርትን መኪና ነድቶ በመደቡ አንደኛ ወጣ፤ ይህም የዚያ ታላቅ ሰው የመጨረሻ ውድድሩ ሆነ። ለአንድ ጀማሪ የሥራ ቤት ከዚህ የበለጠ ምርቃት ከወዴት ይገኛል?

ምርቃቱ የሠራተኛ ደመወዝ አይከፍልምና፣ የቤቱን ወጪ የሸፈነው ማርሚታ ነው። በዚያ ዘመን ፋብሪካዎች ለተራ መኪና የሚገጥሙት ማርሚታ ጭሱን በብዙ ክፍልፋይ ውስጥ እያመላለሰ ድምፁን የሚያፍን ሲሆን፣ ከድምፁ ጋራ የሞተሩንም ትንፋሽ ስለሚያፍነው፣ ሞተሩ ነጠላውን በአፉ ላይ ጠምጥሞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ይደክም ነበር። አባርት ጭሱ በቀጥታ የሚያልፍበት፣ ገላው ሁሉ የተበሳሳ ቧንቧ አበጅቶ ዙሪያውን በመስተዋት ክር አለበሰው፤ ድምፁ በክሩ ውስጥ ሲሰክን ጭሱ ሳይታገድ ይወጣል። በዚህ ምክንያት መኪናው መጠነኛ ጉልበት ያገኛል፣ ድምፁም ወፍራምና ለጆሮ የሚጥም ይሆናል፤ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ገንዘባቸውን ያወጡት ከጉልበቱ ይልቅ ለድምፁ እንደ ነበረ እጠረጥራለሁ። ያም ሆነ ይህ ማርሚታው ለልዩ ልዩ ዓይነት መኪና እየተበጀ በመቶ ሺሕ በሚቈጠር ብዛት ወደ ብዙ አገር ተሸጠ።

በ1955 ዳንቴ ጃኮዛ የተባለው የፊያት መሐንዲስ ያቀዳት ሰይቸንቶ በጄኔቭ ትርኢት ላይ ስትገለጥ፣ አባርት ለብዙ ዘመን የሚበቃውን ሥራ አገኘ። መኪናዪቱ ክብደትዋ 600 ኪሎ የማይሞላ፣ ሞተርዋ ከኋላ የተቀመጠ፣ አራት ሲሊንደር ያለውና በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ይዘቱ 633 ሴንቲሜትር ኩብ፣ ጉልበቱም 21 ተኩል የፈረስ ጉልበት ነበረ፤ እጅግ ብትፈጥን በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድ ነበር። ፋብሪካው እንዲህ ደካማ አድርጎ የሠራት አስቦበት ነው፤ ርካሽ ቤንዚን ጠጥታ፣ ጋራዥ በሌለበት መንደር፣ ስለ ሞተር ምንም የማያውቅ ባለቤት እየነዳት ብዙ ዓመት እንድትኖር ስለ ፈለገ፣ ከችሎታዋ የሚበልጠውን ክፍል ሳይነካው ተወው። ያንን የተተወውን ችሎታ ማውጣት እምብዛም የሚያስመካ አይደለም፤ መዶሻና ድፍረት ያለው ሁሉ ለአንድ ቀን ሊያወጣው ይችላል። የአንድ የሥራ ቤት ሊቅነት የሚታወቀው፣ የተጨመረው ጉልበት በሌላው የመኪናዪቱ ክፍል ላይ የሚጥለውን ዕዳ አስቀድሞ ዐውቆ በመክፈሉ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ይዘቱን ከማሳደግ ነው። የሲሊንደሮቹን ግድግዳ እየፋቁ ማስፋት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አራቱም ተቀራርበው ስለ ተደረደሩ፣ ግድግዳው ከሳሳ በሙቀት ይሰነጠቃል። ስለዚህ አባርት ስፋቱን ከ60 ወደ 61 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ አድርጎ፣ አዲስ የሞተር ዘንግ በማሠራት የፒስቶኑን ጕዞ ከ56 ወደ 64 ሚሊሜትር አረዘመው፤ ይዘቱም 747 ሴንቲሜትር ኩብ ሆነ። ቀጥሎ ቴስታታው ይወርዳል፤ አየርና ቤንዚን የሚገባባቸው መንገዶች ሻካራው እስኪጠፋ ድረስ ይፋቃሉ፤ ቅልቅሉ ከመቃጠሉ በፊት ይበልጥ እንዲታመቅ ክፍሉ ይጠብባል፤ በትንሹ ካርቡራቶር ፈንታ ሰፋ ያለ የቬበር ካርቡራቶር ይገጠማል፤ ቫልቮላዎቹን የሚያነሣው ዘንግ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ በሚያቈያቸው በሌላ ይተካል። የነዚህ ሁሉ ድምር በ1956 ገደማ ከ40 የሚበልጥ የፈረስ ጉልበትና በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሰጠ፤ ይኸውም የመነሻዋን ጉልበት እጥፍ ያህል ማለት ነው። በ1961 ይዘቱ 847፣ ጉልበቱ 52 ሆነ፤ ከዚያም ይዘቱ 982 ደረሰ፤ በመጨረሻም ማሪዮ ኮሉቺ የተባለው የቤቱ መሐንዲስ ቫልቮላዎቹን በማቃጠያው ክፍል ዙሪያ እንደ ጮራ የሚያሰልፍ አዲስ ቴስታታ አውጥቶ፣ የሚያነሣቸው ዘንግ ግን ፊያት ካስቀመጠው ቦታ ሳይነሣ፣ ከአንድ ሊትር በታች ከሆነ ሞተር 112 የፈረስ ጉልበት አወጣ። ከ21 ተኩል ተነሥቶ እዚህ መድረስ ከአምስት እጥፍ ይበልጣል፤ በእኔ ግምት የዚህ ቤት ከሁሉ የላቀው ሥራ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዕዳው እንመለስ። ጉልበት ሲበዛ ሙቀት ይበዛል፤ የሰይቸንቶ ራዲያተር ደግሞ ከኋላ፣ ነፋስ በደንብ ከማይደርስበት ከሞተሩ አጠገብ የተቀመጠ ነው። አባርት ሌላ ራዲያተር ከፊት ፓራውልቱ ባለበት ስፍራ ስለ ገጠመ፣ የእሽቅድምድሟ መኪና አገጭዋ ወጥቶ የቍጣ መልክ ያዘች፤ በተጨማሪም የኋላው ኮፈን ሳይዘጋ በብረት ተደግፎ ተከፍቶ እንዲቀር አደረገ። ይህ ክፍት ኮፈን ሲታይ ሠራተኛው መዝጋቱን የረሳው ይመስላል፤ ሙቀቱን ከማስወጣቱ በላይ ግን በፍጥነት ጊዜ በመኪናዪቱ ጣራ ላይ የሚያልፈውን ነፋስ እንደሚያስተካክልና ኋላዋን እንደሚያረጋ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ የቤቱ መታወቂያ ሆኖ ቀረ። የሩጫው ዕዳ ሲከፈል የማቆሙ ይቀጥላል፦ በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር ለምትሄድ መኪና የተሠራው የታምቡር ፍሬን ለዚህ ፍጥነት ስለማይበቃ፣ የፊቶቹ እግሮች ዲስክ ፍሬን ተገጠመላቸው። ሞተሩ ከኋላ ስለ ሆነ በመጠምዘዣ ላይ ኋላዋ እንዳይቀድም፣ ባሌስትራው ዝቅ ተደርጎ ቸርኬውም ሰፋ። ከመቀመጫዎቹም የማያስፈልገው ሁሉ ወጣ።

እንዲህ የተሠራችው መኪና በተወዳደረችበት መደብ ሁሉ ትፈራ ነበር፤ በ1961 በጀርመን አገር በኑርቡርግሪንግ የ500 ኪሎ ሜትር ውድድር በመደብዋ ድል ስላደረገች፣ ከዓይነቶችዋ አንዱ በዚያ ሜዳ ስም ተሰየመ። ከመደበኛው ሰይቸንቶ ሌላ፣ ዛጋቶ የተባለው አካል ሠሪ በዚያው መሠረት ላይ ከአሉሚንየም የለበሰች ዝቅተኛ መኪና ሠራ፤ ጣራዋ እጅግ ስላጠረ፣ ለነጂውና ለአጋሩ ራስ ስፍራ ለመስጠት ሁለት ጕብታ ተደረገላት። ይህችኛዋን በአሜሪካ ካስገቡት ነጋዴዎች አንዱ የፕሬዚዳንቱ ልጅ ፍራንክሊን ሮዝቬልት ታናሹ ነበሩ።

ለፊያት ኩባንያ ከሁሉ የጠቀመው ግን በ1958 በፌብሩዋሪ ወር የተደረገው ነው። ቺንኮቸንቶ የምትባለው ከሰይቸንቶ የምታንስ አዲስ መኪና ወጥታ ገበያዋ ቀዝቅዞ ሳለ፣ አባርት አንዲቱን አሻሽሎ በሞንዛ ሜዳ ላይ ነጂ እያፈራረቀ ሰባት መዓልትና ሰባት ሌሊት አስሮጣት፤ በክረምት ብርድ 18,186 ኪሎ ሜትር በአማካይ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ሄደች። ከዚህ በኋላ ፊያት በስሙ ለሚገኘው ለእያንዳንዱ ድልና ክብረ ወሰን ለአባርት ገንዘብ ሊከፍል ተዋዋለ። አንድ ታላቅ ፋብሪካ ከራሱ ምርት ተወልዶ በሌላ ሰው እጅ ያደገውን ክብር በዋጋ መግዛቱ ብልህነት ነው፤ ለአባርትም ድል ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ሆነለት።

ሰውዬው ራሱ በሥራው ምን ያህል የተያዘ እንደ ነበረ ለመረዳት የ1965ን ነገር ማንሣት ይበቃል። በዚያ ዓመት በኦክቶበር ወር ለክብረ ወሰን የተሠራችው ባለ አንድ ወንበር መኪና እጅግ ጠባብ ስለ ነበረች፣ 57 ዓመት ሊሞላው የተቃረበው አባርት ፖም እየበላ ሌላውን ምግብ ትቶ ወደ 30 ኪሎ የሚጠጋ ከሰውነቱ ቀነሰና ገባባት፤ በሞንዛም ከቆመበት ተነሥቶ በአጭር ርቀት የመፍጠንን ክብረ ወሰን ሰበረ። በፍትሐ ነገሥት ከተደነገጉት አጽዋማት መካከል የዚህ ዓይነቱ ጾም አይገኝም።

ተራው ደንበኛ እንዲህ ያለ ተጋድሎ አይጠበቅበትም ነበር። ያለውን መኪና ይዞ ሲመጣ የማሻሻያው ዕቃ፣ ፒስቶኑ፣ ካርቡራቶሩ፣ ማርሚታው፣ የጊንጡም ምልክት ሳይቀር፣ በአንድ ሣጥን ተከትቶ ይሸጥለት ነበርና፣ ጥቂት ጠበብ ያለ ወጣት ከሰፈሩ መካኒክ ጋራ ሆኖ ሊገጥመው ይችል ነበር። በዚህ ምክንያት በኢጣልያ ከተሞች ጊንጥ የለጠፈ ትንሽ መኪና በዛ፤ ከምልክቱ በቀር ሌላ ነገር ያልተለወጠባቸውም አልጠፉም።

ውድድር ገንዘብ የሚበላ ነገር ስለ ሆነ፣ አባርት በ1971 ቤቱን ለፊያት ሸጠ፤ የእሽቅድምድሙን ክፍል ኤንዞ ኦሴላ ወሰደው። ፊያት ሠራተኞቹንና ዕውቀታቸውን ለረጅም መንገድ ውድድር አዋላቸው፤ የቤተ ሰብ መኪና የነበረችው ፊያት 131 በኮርሶ ማርኬ ሰዎች እጅ ባለ 16 ቫልቮላ ሞተር አግኝታ፣ ሥርዓተ ውድድሩ የሚጠይቃቸው 400 መኪናዎች ከተሠሩ በኋላ፣ በ1977፣ በ1978ና በ1980 የዓለም የራሊ ሻምፒዮና ሆነች። ሦስተኛው ድል ሲገኝ መሥራቹ በቪየና ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነበር።

የአባርት ስም ለብዙ ዘመን ደብዝዞ ከቈየ በኋላ በ2007 ፊያት እንደ ገና አነሣው፤ ከዚያ ወዲህ ጊንጡ ከፋብሪካ ተለጥፎ ይወጣል። የማሻሻያውም ዕቃ ለተወሰኑ ዓመታት እንደ ቀድሞው በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ይሸጥ ነበር፤ ሣጥኑን ከፍቶ የመግጠም ፈቃድ የተሰጠው ግን ኩባንያው ለሚያውቃቸው የሥራ ቤቶች ስለ ነበረ፣ የገዢው ድርሻ መክፈልና መጠበቅ ብቻ ሆኖ ቀረ።