በርበሬው ሲገባ፣ ቆጣሪው ሲፈጥን

ቡታጅራ ውስጥ የማረቆ በርበሬ የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው የሞተሩን ሁኔታ በጆሮው ይለያል። ባዶውን ሲዞር ድምፁ ቀጭን ነው፤ በርበሬው ሲገባበት ያጓራል፤ ሲያልቅለት መልሶ ይቀላል። የሚስበው ኃይልም አብሮት ይወጣል ይወርዳል። ታዲያ የወሩ ፍጆታ በምን ይታወቃል?

ሞተሩ ላይ በተለጠፈው የፈረስ ጉልበት አይታወቅም፤ እሱ የሙሉ ጭነቱ ልክ ነው። በክላምፕ ሜትር የሚነበበው አምፔርም ያታልላል፤ ባዶውን የሚዞር ሞተር ብዙ አምፔር እየሳበ ትንሽ ኃይል ብቻ ይበላል።

የሚያውቀው ቆጣሪው ነው። አፄ ምኒልክ በነገሡበት በ1889 እ.ኤ.አ. የሃንጋሪው መሐንዲስ ኦቶ ብላቲ ባለ ዲስኩን ቆጣሪ ሠራ። አንዱ ጥቅል ሽቦ በቮልቴጁ፣ ሌላው በከረንቱ ዲስኩን ይገፋሉ፤ ማግኔት ደግሞ እንዳይፈነጥዝ ይይዘዋል። ስለዚህ ጭነት ሲበዛ ይፈጥናል፣ ሲቀንስ ያዘግማል፤ ጥርሶቹ ዙሩን ይደምራሉ። የዛሬው ባለ ካርድ ቆጣሪ ዲስክ የለውም፤ ቮልቴጁንና ከረንቱን እየለካ፣ እያባዛ ይደምራል። ፊቱ ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1600 የሚል ከሆነ፣ ትንሿ ቀይ መብራት 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሞላ ማለት ነው። በደቂቃ 80 ጊዜ ብልጭ ካለች ቤቱ 3 ኪሎዋት እየሳበ ነው፤ አንድ ምጣድ ተጥዷል ማለት ይቻላል።

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ምሽት ላይ መብራት ሲደክም ምጣዱ አልግል ይላል። 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ የ3 ኪሎዋቱ ምጣድ ወደ 2 ይወርዳል። ቆጣሪው የሚይዘው ያንኑ 2ቱን ነው። ግን ትርፍ የለውም፦ ምጣዱ እስኪግል ሙቀቱን ለአየር ሲሰጥ ይቆያል፤ የእንጀራው ቁጥር ያው ሆኖ ሒሳቡ ሊብስ ይችላል።

ወፍጮ ቤት ደግሞ «የሚበላው ማስነሳቱ ነው» ብለው ሞተሩን ባዶውን ሲያዞሩ የሚውሉ አሉ። ተሳስተዋል። ሲነሳ ስድስት እጥፍ ቢስብ እንኳ፣ የ5 ሰከንድ መነሻ ከግማሽ ደቂቃ ሙሉ ሥራ አይበልጥም።

ባለ ወፍጮዎች፣ ለመስቀል ወረፋው ሲበዛ አንድ ኩንታል ከመግባቱ በፊትና ተፈጭቶ ሲያበቃ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ቀንሱት፣ ለ100 ኪሎ አካፍሉት፤ የማስፈጫ ዋጋችሁን ስታወጡ የመብራቱን ድርሻ ከዚያ ያዙ።