ደወሉ አስቀድሞ ይሰማ፦ የአደጋ ዝግጅትና የአጥቢያችን ድርሻ

ጻድቁ ዮሴፍ በግብፅ ምድር የጥጋቡ ዓመታት ሳያልፉ ከምርቱ አምስተኛውን እጅ በጎተራ አስከተተ። ሕዝቡ ከረኃብ የተረፈው በጊዜው በተሠራ ሥራ ነው። መንግሥታት ለድርቅ፣ ለጎርፍና ለመሬት መንሸራተት የሚያደርጉት ዝግጅትም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

በሀገራችን በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሲቋቋም ዋና ተግባሩ በረኃብ ለተጎዳው ወገን እህል ማድረስ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ግን ትኩረቱን ወደ ቅድመ ዝግጅት አዞረ። በዚህ አሠራር የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበጋን፣ የበልግንና የክረምትን የአየር ትንበያ ያወጣል፤ ወረዳዎች በየአካባቢያቸው ያለውን ስጋት ይለያሉ፤ አደጋው ከወረዳ አቅም ሲያልፍ ክልሉ፣ ከክልልም ሲያልፍ የፌዴራል መንግሥት ይደርሳል። ሆኖም ማስጠንቀቂያው ከገደሉ ሥር ካለችው ጎጆ ካልደረሰ ፍሬ አያፈራም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን በኀዘን እናስታውሳለን። ከከባድ ዝናብ በኋላ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን አረፉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ አስቀድሞ በተናደው አፈር የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሳሉ ዳግመኛ በተናደው አፈር የተዋጡ ናቸው። ወንድምን ለማዳን መውጣት የክርስትና ግብር ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የተናደ ቁልቁለት ዳግም ሊናድ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት ክረምቱ ሳይገባ እነዚህን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን፦

1. የትንበያውን መልእክት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት እየተቀበሉ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ማሰማት፤
2. ከአገልግሎት ደወል የተለየ የአደጋ ደወል መወሰን፣ ሲሰማም ሕዝቡ ወዴት እንደሚሸሽ ማስተማር፤
3. በተዳፋት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም የደፈረሰ ምንጭ ሲታይ ሳይዘገዩ ለቀበሌው ማስታወቅና ከሥሩ ያሉትን ቤተሰቦች ማሸሽ፤
4. አረጋውያንን፣ ሕሙማንንና አራሶችን መዝግቦ ማን እንደሚያወጣቸው አስቀድሞ መመደብ፤
5. መሬት ከተናደ በኋላ ሕዝቡ በአንድነት ወደ ስፍራው እንዳይገባ መከልከል፣ ለማዳን የሚገቡትም ቁልቁለቱን የሚጠብቅ ሰው እንዲያቆሙ ማድረግ።

ካህናት አባቶቻችን ሆይ፣ ሕዝቡ ድምፃችሁን ይሰማል። ደወላችን ለቀብር ከመደወሉ በፊት ለማዳን ይደወል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።