ቶሎ ስንነሳ ለምን ያዞረናል?

ዛሬ በሳይንስ አምዳችን ስለ ደም ግፊት ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ደም ግፊት ሲባል የትልልቅ ሰዎች በሽታ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ግን ደም ግፊት ሁላችንም አለን። ደም በደም ቧንቧ ውስጥ ሲሄድ ግድግዳውን የሚገፋበት ኃይል ማለት ነው። እሱ ባይኖር ደም ወደ አንጎላችን አይወጣም።

ከተኛንበት ስንነሳ ብዙ ደም (በአዋቂ ሰው ግማሽ ሊትር ያህል) ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ግፊቱም ዝቅ ይላል። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አንወድቅም? አንገታችን ላይ ባሉት ትልልቅ የደም ቧንቧዎችና ከልብ በሚወጣው ዋናው ቧንቧ ላይ ግፊቱን የሚጠብቁ ነርቮች አሉ። ግፊቱ ሲቀንስ ለአንጎል ይናገራሉ። አንጎልም ልብን «ፍጠን!»፣ ቧንቧዎችን «ጥበቡ!» ብሎ ያዛል። ይሄ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ሳናስበው ስለሚሠራ ሪፍሌክስ ይባላል። ትንሽ ሲዘገይ ነው የሚያዞረን።

እናንተም መለካት ትችላላችሁ፦

1. 5 ደቂቃ በጀርባችሁ ተኙ።
2. ሁለት ጣት ከአውራ ጣት በታች የእጅ አንጓ ላይ አድርጉ። በአውራ ጣት አትለኩ፣ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል።
3. 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ2 አባዙ።
4. ተነስታችሁ ወዲያው ድገሙት።

እኔ ስሞክረው ተኝቼ 72፣ ቆሜ 88 ሆነ። ልቤ ትእዛዙን ሰምቷል ማለት ነው!

ጤና ባለሙያዎች ደግሞ በግፊት መለኪያ ተኝቶ፣ ከዚያም በቆሙ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካሉ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሪፍሌክሱ ግፊቱን አልያዘውም ማለት ነው። በእድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ይበዛል። ስለዚህ አያቶቻችን ሌሊት ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቁጭ እንዲሉ እንንገራቸው። መውደቅ አጥንት ይሰብራል።

እኛም ብንሆን ሰልፍ ላይ ሳንንቀሳቀስ ብዙ ስንቆም ደሙ እግራችን ላይ ይቀራል። በተለይ ውሃ ያልጠጣና ቁርስ ያልበላ ልጅ ሊወድቅ ይችላል። ባንዲራ ሲሰቀል ቀጥ ብላችሁም ቢሆን የእግር ጣታችሁንና ባታችሁን አጥብቁ፣ ላላ አድርጉ። ጓደኛችሁ ከወደቀ ደግሞ ደግፋችሁ አታቁሙት! አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ከበባውን በትኑ፣ መምህር ጥሩ። ቶሎ ካልነቃ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።



ከሳይንስ አምድ አዘጋጅ፣ 7ኛ ክፍል