ብረት የማይረሳው፦ በአሮጌ ጠመንጃዎች ላይ ስለሚገኙ የባዕድ ሠራዊት ምልክቶች

ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ማዶ በነበርንበት ወቅት፣ አንድ ቅዳሜ የአሮጌ ጦር መሣሪያ ሰብሳቢዎች ወደሚገበያዩበት አዳራሽ ጎራ ብለን ነበር። ከጠረጴዛዎቹ በአንዱ ላይ የጣሊያን ቬተርሊ ጠመንጃ ተጋድሟል። በሰደፉ እንጨት ላይ የተቀረጸ ምልክት ነበረው፤ ሻጩም ከአጠገቡ ባስቀመጠው ካርድ ላይ «የአርመን ፊደል ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጽፎበታል። ጠጋ ብለን ስናይ «፬፻፲፯» ይላል። በግእዝ ቁጥር አራት መቶ ዐሥራ ሰባት!

ይህንኑ ስንነግረው ሻጩ በደስታ ካርዱን ቀየረ። «በብረቱ ላይስ የተጻፈ ሌላ ነገር አልነበረም?» ብለን ስንጠይቀው ግን፣ «ሳይኖር አልቀረም፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልስ ጠፋ» ሲል መለሰልን። ጠመንጃው እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ታሪኩ ግን ከዝገቱ ጋር አብሮ ተጠርጓል። ለመሆኑ በእርግጥ ጠፍቷልን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ በፊዚክስ ዐይን መመርመር ነው።

ምልክቶቹ ምን ይናገራሉ?

አንድ የጦር ጠመንጃ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሠራበት ቦታ፣ ዓመትና ተራ ቁጥር በብረቱ ላይ ይመታበታል። ሌላ ሠራዊት ሲማርከው ወይም ሲገዛው ደግሞ የራሱን ምልክት ይጨምርበታል። የፊንላንድ ሠራዊት በእጁ በገቡት የሩሲያ ሞሲን ጠመንጃዎች ላይ «ኤስ ኤ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትን በአራት ማዕዘን ውስጥ ይመታ ነበር። እንግሊዞች የመንግሥት ንብረት መሆኑን በአንድ ሰፊ ቀስት ያመለክታሉ፤ ከአገልግሎት ወጥቶ ሲሸጥ ግን ሁለተኛ ቀስት ጫፍ ለጫፍ ተገናኝቶ ይመታበታል። ሰብሳቢዎች እነዚህን ምልክቶች የሚያነቧቸው በፓስፖርት ላይ የተደረደሩ የድንበር ማኅተሞችን እንደምናነብ ነው።

በአዳራሹ ያገኘነውም ጠመንጃ እንዲሁ ተጓዥ ነበር። ቬተርሊን የነደፈው ስዊዘርላንዳዊ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ በ1870 ለሠራዊቷ ተቀበለችው፤ በ1887 ደግሞ አራት ጥይት የሚጎርስ መጋዘን ጨመረችለት። በዐድዋ ጦርነት (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.) የጣሊያን ወታደሮች የታጠቁት በአብዛኛው ይህንኑ ነበር። በዚያ ድል ከተማረኩት ጠመንጃዎች አንዱ በኋላ ፬፻፲፯ ተብሎ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። በሌላ መንገድ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ሊነግረን ይችል የነበረው የብረቱ ጽሑፍ ነበር።

ቋንቋችን ራሱ እንዲህ ያለ የባዕድ ምልክት ተመትቶበታል። «ውጅግራ» የምንለው እ.ኤ.አ የ1874 ሞዴል የሆነው የፈረንሳይ «ፉዚ ግራ» ነው። «ሰናድር» በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ይዞት የመጣው የእንግሊዝ ስናይደር ነው። «ምንሽር» የኦስትሪያው ማንሊከር፣ «ቤልጅግ» ደግሞ ከቤልጅግ ፋብሪካ የመጣው ማውዘር ነው። አባቶቻችን የፋብሪካውን ስም በጆሮ ሰምተው በራሳቸው አፍ መዝግበውታል።

የዓመቱ እንቆቅልሽ

ዓመቱን ማንበብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። በፋሽስት ዘመን በተሠራ የጣሊያን ካርካኖ ላይ ከ1936 ጎን በሮማ ቁጥር 14 ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ ይህም ከጥቅምት 1922 ጀምሮ የተቆጠረ የፋሽስት ዘመን ነው። በቱርክና በፋርስ ጠመንጃዎች ላይ ደግሞ ሌሎች የዘመን አቆጣጠሮች ይገኛሉ። በራሱ አቆጣጠር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

የዓመቱ ጉዳይ የሕግ ውጤትም አለው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር ለዘመናዊ መሣሪያ የወጡት ደንቦች በአብዛኛው አይመለከቱትም። በብረት ላይ የተመቱ አራት አኃዞች አንዱን ጠመንጃ የታሪክ ዕቃ፣ ሌላውን ቁጥጥር የሚደረግበት መሣሪያ ያደርጉታል ማለት ነው።

ብረት እንዴት ያስታውሳል?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ማኅተም በመዶሻ ሲመታ ብረቱ ላይ ጉድጓድ ብቻ ትቶ አይሄድም። ከጉድጓዱ በታች ያለው ብረትም ይጨመቃል፤ ወደ ቀድሞ ቅርጹም አይመለስም። በብረቱ ክሪስታል ውስጥ የአተሞች ረድፍ የተዛነፈባቸው መስመሮች አሉ፤ እነርሱም ዲስሎኬሽን ይባላሉ። ብረታ ብረት ያለመሰበር የሚጣመመው እነዚህ መስመሮች ስለሚንቀሳቀሱ መሆኑን እ.ኤ.አ በ1934 ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አስረድተዋል። ማኅተሙ ያረፈበት ቦታ በእነዚህ መስመሮች ይጨናነቃል፤ ከአካባቢው ይልቅ ይጠነክራል፤ ተጨማሪ ኃይልም ያከማቻል።

ስለዚህ ጽሑፉ በሞረድ ሲፋቅ የሚጠፋው የሚታየው ጉድጓድ ነው፤ የተጨነቀው ብረት ግን ከሥሩ ይቀራል። የወንጀል ምርመራ ባለሙያዎች ገጽታውን አለስልሰው፣ የመዳብ ክሎራይድና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ ይቀቡታል። ኃይል ያከማቸው ክፍል ከአካባቢው ፈጥኖ ስለሚበላ፣ የተፋቀው ቁጥር ቀስ በቀስ ብቅ ይላል። ሁለተኛው ዘዴ ብረቱን የማይጎዳ ነው። ጠመንጃው በማግኔት ይሞላና ደቃቅ የብረት ብናኝ ይፈስበታል። የተጨነቀው ክፍል የማግኔት ባሕርዩ ስለተለወጠ መስኩ በዚያ በኩል ያፈተልካል፤ ብናኙም በፊደሉ ቅርጽ ይሰበሰባል።

የብረት ትውስታ ግን ወሰን አለው። ሞረዱ ከተጨነቀው ክፍል በታች ከወረደ የሚመለስ ነገር የለም። ብረቱ እስኪቀላ ከጋለ ደግሞ ክሪስታሎቹ እንደ አዲስ ይወለዳሉ፤ ዲስሎኬሽኖቹም ይጠፋሉ። በቀጥቃጭ ምድጃ ገብቶ ማረሻ የሆነ አፈሙዝ ያለፈውን ሁሉ ረስቷል። በእንጨት ላይ የተቀረጸ ጽሑፍም በአሲድ ወይም በማግኔት አይመለስም።

ሆን ተብሎ የተፋቀ ምልክትም አለ። እ.ኤ.አ በ1945 ጃፓን እጇን ስትሰጥ፣ በብዙ አሪሳካ ጠመንጃዎች ላይ የነበረው ባለ 16 ቅጠል የንጉሠ ነገሥቱ የክሪሳንተመም አበባ ተፍቋል። ዛሬ ሰብሳቢዎች አበባው ላልተነካ ጠመንጃ የበለጠ ይከፍላሉ። የተፋቀውም ቢሆን ይናገራል፤ የፍቀቱ ጠባሳ ራሱ የሽንፈት ማኅተም ነውና።

የእኛ ድርሻ

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ ውጅግራዎች፣ ቬተርሊዎች፣ ካርካኖዎችና ማውዘሮች በአሜሪካ ሰብሳቢዎች እጅ ገብተዋል። ብዙዎቹ ሰብሳቢዎች ምልክቱን በጥንቃቄ ይይዛሉ፤ ግእዙን ማንበብ ግን አይችሉም። እኛ ማንበብ እንችላለን፤ ነገር ግን ከመሄዳቸው በፊት አልመዘገብናቸውም። ጠመንጃው ከአገር ሲወጣ ማን እንደ ያዘው፣ ከየትኛው አውራጃ እንደ መጣ የሚያውቀው ሰው እዚሁ ይቀራል። እርሱ ሲያልፍ ሁለቱን የሚያገናኝ አይኖርም።

መሣሪያ እንሰብስብ ማለታችን አይደለም። መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። እንሰብስብ የምንለው ምልክቶቹን ነው። በሙዚየም ውስጥ ወይም በሕጋዊ መንገድ በቤተሰብ እጅ ያለ አሮጌ ጠመንጃ ካለ፣ ባዶ መሆኑን በሚያውቅ ሰው እናረጋግጥ። ከዚያም መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን በዝቅታ አብርተን ፎቶግራፍ እናንሳ፤ ጥልቀት የሌለው ጽሑፍ በጥላው ይታያልና። ስስ ወረቀት ለጥፈን በእርሳስ በማሸት ቅጂውን እንውሰድ። በመጨረሻም የባለቤቱን ቃል ከቅጂው ጋር አያይዘን እንጻፍ። አሲዱን ለባለሙያ እንተወው፤ የብርጭቆ ወረቀቱን ግን ለማንም አናበድር።

ቁጥር ፬፻፲፯ ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። ምናልባት ከሚያበራው ገጽታው ሥር የተጨነቀው ብረት አሁንም አንድ ስም ይዞ ይሆናል። በዚያን ዕለት በኪሳችን እርሳስና ወረቀት ነበረን፤ ይሁንና ቁጥሩን እንኳ በቅጂ ሳንወስድ ወጣን። ይህንን ጽሑፍ ያስጀመረንም ያ ቁጭት ነው።