በኤውሮፓ ስለሚገኙ እንግዳ የሆኑ ጥንታውያን ቤቶች

በአሳብ ለሚጓዝ ሰው ስንቅም በቅሎም አያሻውም። የቀኑ ሥራ አልቆ፣ ራት ተበልቶ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት ተቀምጠው «እንዲህ ያለ ቤት ቢኖረን፤ እንዲህ ወዳለ አገር ብንሄድ» እያሉ መጨዋወታቸው ገንዘብ የማይወጣበት ደስታ ነው። እኛም ይህን ልማድ እንወደዋለን። ስለዚህ አሳባችን ደጋግሞ የሚሄድባቸውን ሦስት ቦታዎች ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የነገሥታቱን አዳራሽ ግን ትተነዋል፤ ስለ እርሱ የጻፈ ብዙ ነውና። የምንናገረው ተራ ሰው ልጆቹን ስላሳደገባቸው ቤቶች ነው። ዘመኑንም ሁሉ የምንቈጥረው እንደ ኤውሮፓውያን ነው።

በሆላንድ አገር፣ ከሮተርዳም ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ በጀልባ የሚደረስበት ኪንደርዳይክ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ 19 የነፋስ ወፍጮዎች በቦይ ዳር ቆመው ይታያሉ፤ የሚበዙትም በ1738 እና በ1740 ዓ.ም. የተሠሩ ናቸው። ወፍጮ ይባሉ እንጂ እህል አይፈጩም፤ አገሩ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ውሃውን ከእርሻው ላይ እየሳቡ ወደ ላይኛው ቦይ ያፈሱ ነበር። ባለ ወፍጮው ከነሚስቱና ከነልጆቹ የሚኖረው በዚያው በወፍጮው ሆድ ውስጥ ነው፤ አልጋውም በግድግዳው ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን ተሠርቶ መዝጊያ አለው። ከወፍጮዎቹም አንዳንዶቹ ክንፋቸው መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝቅ ብሎ ስለሚዞር፣ ቤቱ በሁለት ወገን ሁለት በር አለው፤ ነፋሱ ተለውጦ ክንፉ በአንዱ በር ፊት የዞረ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ በሌላው ይወጣል። ድክ ድክ የሚል ሕፃን ያላት እናት በዚያ ቤት እንዴት ትውል እንደ ነበር እናቶች ይፍረዱት።

ክንፉ ሥራ ፈትቶ በቆመ ጊዜም ለጎረቤት ወሬ ይነግራል። የላይኛው ክንፍ ከጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ በቤቱ ደስታ አለ፤ ልጅ ተወልዷል፣ ወይም ሠርግ ነው። ጫፉን ጥቂት አልፎ ከቆመ ግን ኀዘን ነው። መርዶ ነጋሪ ሳይላክ አገር ሁሉ ከሩቅ ያውቃል ማለት ነው። ዛሬ ውሃውን የሚስቡት ሞተሮች ናቸው፤ ቢሆንም በብዙዎቹ ወፍጮዎች ውስጥ እስካሁን ሰው ይኖራል።

ከዚያ ወደ ደቡብ ኢጣሊያ እንውረድ። በፑልያ አውራጃ አልቤሮቤሎ በምትባል ከተማ «ትሩሊ» የሚባሉ ከ1,500 የሚበልጡ ቤቶች አሉ። ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ጣራቸውም ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለ ኖራ እየተነባበረ እንደ ሾጣጣ ቆብ ሆኖ ያልቃል። ኖራ የቀረበት ምክንያት ሲነገር፣ አገሩን የያዙት የኮንቬርሳኖ ቆንቶች ስለ አዲስ መንደር ለናፖሊ መንግሥት የሚከፈለውን ግብር ለማምለጥ «መርማሪ ሲመጣ ፈጥኖ የሚፈርስ ቤት ሥሩ» ብለው ሕዝቡን አዘዙ ይባላል። ዕድሜያችንን በመዝገብና በማኅተም መካከል የጨረስን ሰዎች ስለ ሆንን ይህን ስንሰማ መሳቃችን አልቀረም። በ1797 ዓ.ም. ንጉሥ ፈርዲናንድ 4ኛ ከተማይቱን ከቆንቱ እጅ ነፃ አወጧት። ትሩሊ በበጋ ቀዝቃዛ ነው፤ የዝናቡም ውሃ ከጣራው እየወረደ ከቤቱ ሥር ባለው ጉድጓድ ይጠራቀማል።

ከሁሉ ይልቅ አሳባችንን የያዘችው ግን ከዚያ የማትርቀው ማቴራ ናት። በዚያ ቤቱ ከዓለት የተፈለፈለ ዋሻ ነው፤ የአንዱ ቤት ጣራ ለሌላው መንገድ ይሆነዋል። በሥዕል ያጌጡ ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትም አሉ፤ ላሊበላን የተሳለመ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ መነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን በሥዕል አይተን የምንመኘው ቤት የኖረበትን ሰው ምን እንዳደረገው መጠየቅ ይገባል። ድሀው ከሚስቱና ከብዙ ልጆቹ ጋራ በአንድ ዋሻ ሲኖር በቅሎው ከበስተ ኋላ ትታሰር ነበር፤ ዶሮዎቹም ከአልጋው ሥር ያድሩ ነበር። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። በግዞት ወደዚያ አውራጃ ተልኮ የነበረው ሐኪምና ሠዓሊ ካርሎ ሌቪ በ1945 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የማቴራን ሕፃናት ወባና የዓይን በሽታ ለዓለም አስታወቀ። በ1950 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደ ጋስፔሪ መጥተው አዩ፤ በ1952 ዓ.ም. ሕግ ወጥቶ ከ15,000 የማያንስ ሕዝብ ከዋሻዎቹ ወጥቶ ወደ አዲስ ቤት እንዲዛወር ተደረገ።

መንግሥቱ ደግ አደረገ እንላለን፤ ሕፃን በእርጥበት ከሚሞት ያረጀ ቤት ቢዘጋ ይሻላል። ይሁን እንጂ ከቤቱ ጋራ ሌላ ነገር አብሮ ቀረ። በዋሻዎቹ ፊት የብዙ ቤተ ሰብ የጋራ አደባባይ ነበር፤ ሴቶቹ በአንድ ጉድጓድ ይቀዱ፣ አንዷ የሌላይቱን ልጅ ትጠብቅ ነበር። ዳቦውም የሚጋገረው በሕዝብ ምድጃ ስለ ነበር የማን እንደ ሆነ እንዳይጠፋ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሊጡን በእንጨት ማኅተም ያትመው ነበር። ላ ማርቴላ ለተባለው አዲስ መንደር ፕላኑን ያወጡት መሐንዲሶች ለከብቱ ጋጣ በቤቱ አጠገብ ቢሠሩም፣ ያን ጉርብትና እንደ ቀድሞው ሊመልሱት አልቻሉም።

ባዶ የቀሩት ዋሻዎች ብዙ ዘመን ፈራርሰው ቆዩ። በ1986 ዓ.ም. ሕግ ወጥቶ እንዲታደሱና ሰው እንዲመለስባቸው ተፈቀደ፤ በ1993 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች ጋራ መዘገባቸው። ዛሬ በቅሎ ታስራበት በነበረው ማዕዘን ነጭ አንሶላ ተነጥፎ እንግዳ በብዙ ገንዘብ ያድርበታል። የዳቦው ማኅተምም ለመንገደኛ ይሸጣል። ባለቤታችን «ዋሻው ይቅርብኝ፤ እኔ የምሻው ማኅተሙን ነው» ብላለች፤ የስማችን ፊደል የሚቀረጽበት ከተገኘ እኛም ከእርሷ ጋራ ነን።