ስለ አርመንያ አገር

በአገራችን የቅድስት አርሴማን ስም ያልሰማ ክርስቲያን ጥቂት ነው። በስምዋ ዝክር የሚዘክር፥ ልጁን በስምዋ የሚጠራ ብዙ ነው። ነገር ግን «ሰማዕትነት የተቀበለችበት አገር ወዴት ነው? ዛሬስ ምን ይታይበታል?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ አጥርቶ የሚመልስ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ስም እየጠሩ አገሩን አለማወቅ ነውር ባይሆንም ጉድለት ነውና፥ ስለ አርመንያ ጥቂት ነገር እንናገራለን። ዓመቱንም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

አርመንያ ከካውካስ ተራሮች በስተ ደቡብ ያለች፥ የባሕር በር የሌላት ታናሽ አገር ናት። በሰሜን ጆርጂያ፥ በምሥራቅ አዘርባይጃን፥ በደቡብ ኢራን፥ በምዕራብ ቱርክ ያዋስኑአታል። ስፋትዋ 30,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በሶቭየት ኅብረት ሥር ቆይታ በ1991 ነፃነትዋን አገኘች። ብዙ መንገደኞች ወደ ታላላቆቹ አገሮች ሲቸኩሉ እርስዋን ሳያዩ ያልፋሉ፤ ያለፈ ሰው ግን ምን እንደ ቀረበት አያውቅም።

ዋና ከተማዋ ኤሬቫን ትባላለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ782 ዓመት ንጉሥ አርጊሽቲ በዚያ ምሽግ እንደ ሠራ በድንጋይ የተቀረጸ ጽሕፈት ይመሰክራል። ሰማዩ በጠራ ጊዜ 5,137 ሜትር ከፍታ ያለው የአራራት ተራራ በረዶ ለብሶ ከከተማዪቱ ይታያል። ተራራው ዛሬ በቱርክ ወሰን ውስጥ ነው፤ አርመኖች ግን እያዩ ይናፍቁታል። በተራራው ትይዩ ኮር ቪራፕ የሚባል ገዳም አለ፤ ትርጓሜውም ጥልቅ ጕድጓድ ማለት ነው። ንጉሥ ድርጣድስ ቅዱስ ጎርጎርዮስን 13 ዓመት ያህል የጣለበት ጕድጓድ ይህ ነው ይላሉ። ጐብኚም ዛሬ በመሰላል ይወርድበታል። ንጉሡ በኋላ አምኖ፥ በ301 መንግሥቱን ክርስቲያን እንዳደረገ አርመኖች ይተርካሉ። የቅድስት አርሴማም መቃብር በቫጋርሻፓት ከተማ፥ በ618 በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው።

ከኤሬቫን በስተ ምሥራቅ በጋርኒ አርመንያ ክርስትናን ከመቀበልዋ በፊት የተሠራ ባለ ዓምድ ቤተ ጣዖት አለ። በ1679 የምድር መናወጥ ጣለው፤ ከ1969 እስከ 1975 ግን የወደቀውን ድንጋይ እየለቀሙ መልሰው አቆሙት። ከዚያ ጥቂት አልፎ ጌጋርድ የሚባለው ገዳም ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት ከአለት የተፈለፈሉ መቅደሶች አሉበት። ላሊበላን ያየ ሰው በገባ ጊዜ የዘመድ ቤት ይመስለዋል።

ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሴቫን ሐይቅ አለ። በ874 የተመሠረተው ገዳም በደሴት ላይ ነበረ፤ ዛሬ ግን ሰው በእግሩ ይሄድበታል። ይህም የሆነው በሶቭየት ዘመን ውኃው ለመስኖና ለኤሌክትሪክ ኀይል ያለ ልክ ስለ ተቀዳ፥ ሐይቁ ከ18 ሜትር በላይ ስለ ጐደለ ነው። ኋላ ጥፋታቸውን አይተው ተራራ ሰርስረው፥ በ1981 የአርፓን ወንዝ ውኃ በ48 ኪሎ ሜትር ቦይ አመጡለት፤ ከጐደለውም ጥቂቱን መልሶ አገኘ። እነሆ፥ ለማጕደል የፈጠነች እጅ ለመሙላት ብዙ ትደክማለች።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው በኤሬቫን ያለው ማተናዳራን የሚባል የመጻሕፍት ቤት ነው። ቅዱስ መስሮብ በ405 የአርመንን ፊደል ካወጣ ወዲህ ከተጻፉት የብራናና የወረቀት መጻሕፍት ከ17,000 በላይ በዚያ ተጠብቀዋል። ከነዚህም አንዱ በ1200 ተጀምሮ በ1202 የተፈጸመ፥ 28 ኪሎ ያህል የሚመዝን የሙሽ ድርሳን ነው። በ1915 በኦቶማን መንግሥት አርመኖች በታረዱና በተሰደዱ ጊዜ፥ ሁለት ሴቶች ከፈረሰ ገዳም አገኙት ይባላል። አንዲት ሴት ልትሸከመው ስላልቻለች ለሁለት ከፈሉት። አንደኛዪቱ ድርሻዋን እስከ ኤጭሚያድዚን አደረሰች፤ ሁለተኛዪቱ ግን በመንገድ ሞተች። ከመሞትዋ በፊት ድርሻዋን በአንድ ገዳም ቀብራው ነበርና ኋላ ተገኘ። ዛሬ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ቤት ናቸው።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚያ ሴቶች ወርቅ ወይም ስንቅ በተሸከሙ ነበር፤ መጽሐፍ ግን ተሸከሙ። ያች አገር ታናሽ ስትሆን ለማየት የሚያበቃ ነገር የተረፈላት፥ የወደቀውን የሚያነሣና የከበደውን የሚሸከም ሰው ስላላጣች ነው። አንተም በአጥቢያህ ያለውን የብራና መጽሐፍና የጥንት ሕንጻ፥ ሐይቁንና ደኑን ተመልከት። የአገር ሀብት የሚጠፋው ጠላት ሲያቃጥለው ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ሲንቀውም ይጠፋል።