ባሪያ ያልነበረው ወታደር ስለ ምን ተዋጋ? የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘማቾች ሲመረመሩ

ከ1861 እስከ 1865 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ዋነኛ መንሥኤ ባርነት ስለ መሆኑ ዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች በአብዛኛው ይስማማሉ። የሚያከራክረው የተራው ወታደር ምክንያት ነው። አብዛኛው የደቡብ ወታደር የራሱ ባሪያ አልነበረውም፤ አብዛኛው የሰሜን ወታደርም የዘመተው ባሪያን ነፃ ለማውጣት አልነበረም።

የደቡቡን ወታደር በተመለከተ ውጤቱን የሚወስነው የመለኪያው አመራረጥ ነው። ጆሴፍ ግላትሃር በ2008 ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ በ1861 በፈቃዳቸው ዘምተው ኋላ ጄኔራል ሊ በመራው የሰሜን ቨርጂኒያ ጦር ካገለገሉት መካከል በስሙ ባሪያ የነበረው ከአሥር አንድ ያህል ነበር። ብዙዎቹ ግን ገና ከወላጆቻቸው ያልተለዩ ወጣቶች ነበሩ፤ የወላጅ ንብረት ሲታከል ድርሻው ከሦስት አንዱን ያልፋል። ባሪያ ያልነበረውም ቢሆን ባሪያ ይከራይ፣ ለባሪያ አሳዳሪው እህል ይሸጥ፣ ወይም ወደፊት አሳዳሪ ለመሆን ይመኝ ነበር። ከሁሉም በላይ ነጭ በመሆኑ ብቻ ያገኘው ማኅበራዊ ክብር የቆመው በባርነት ላይ ነበር። በ1862 የግዳጅ ምልመላ ታውጆ ሃያ ባሪያ ላለበት እርሻ አንድ ነጭ ከዘመቻ ነፃ እንዲሆን ሲፈቀድ ድሆች አምርረው አጉረመረሙ፤ ቅሬታው ግን ይበልጡን በሸክሙ አከፋፈል ላይ እንጂ በባርነት ላይ አልነበረም።

የሰሜኑ ወታደር በመጀመሪያ የዘመተው ኅብረቱን ለማዳን ነው። በምርጫ የተሸነፈ ወገን አገር መክፈል ከቻለ ሕዝባዊ መንግሥት አይጸናም የሚል እምነት ነበረው። ወደ ደቡብ ዘልቆ ባርነትን በዓይኑ ሲያይና ሸሽተው የመጡ ባሮች ወደ ሰፈሩ ሲጎርፉ ግን የብዙዎች አስተሳሰብ ተለወጠ፤ የዓመፁ ሥር ካልተነቀለ ድል ዘላቂ እንደማይሆን ተረዱ። የ1863ቱን የነፃነት ዐዋጅ የተቃወሙ ወታደሮች ጥቂት አልነበሩም። ሆኖም ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲሻር ያቀደው የሊንከን ፓርቲ በ1864 ሲወዳደር፣ ድምፃቸው ተለይቶ ከተቆጠረው ወታደሮች ከአራት ሦስቱ በላይ ሊንከንን መረጡ። ወደ 180,000 ለሚጠጉት ጥቁር ወታደሮች ግን ነፃነት ገና ከጅምሩ የጦርነቱ ዓላማ ነበር፤ እስከ 1864 ድረስ ከነጮቹ ያነሰ ደመወዝ እየተከፈላቸውም ተዋግተዋል።

የዚህ ዕውቀት ዋነኛ ምንጭ በሳንሱር ያላለፉ የወታደሮች ደብዳቤዎች ናቸው። ጄምስ ማክፈርሰን ከ25,000 የሚበልጡትን መርምሮ በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ጥያቄዎችን ይለያል፦ ወታደሩ ለምን ዘመተ? ለምን ጸና? በውጊያ መካከልስ ምን አደፋፈረው? ለጓድ ያለ ታማኝነትና የውርደት ፍርሃት በይበልጥ የሚመልሱት ሦስተኛውን ነው፤ ለመጀመሪያው ዓላማና እምነት ይቀድማሉ። ምንጩ ጉድለት አለው፤ መጻፍ የማይችሉት፣ በግዳጅ የተመለመሉትና ጥቁሮቹ በቁጥራቸው ልክ አልተወከሉም።

ስለዚህ «ባሪያ ነበረው ወይስ አልነበረውም?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ወታደሩን አያስረዳም። ሰው የሚዋጋው በእጁ ላለው ንብረት ብቻ ሳይሆን ቦታና ክብር ለሰጠው ሥርዓትም ጭምር ነው። የሰሜኑ ወታደር ታሪክ ደግሞ የጦርነት ዓላማ በዘማቹ ልብ ውስጥ ከዘመቻው በኋላም ሊወለድ እንደሚችል ያመለክታል።